የምርቃቱ ዋጋ ከየት ይከፈላል?

በገበያችን እህል ሰፍሮ የሚሸጥ ነጋዴ መስፈሪያውን ከሞላ በኋላ በእጁ ዘግኖ የሚጨምረው ምርቃት ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ገዥው በምርቃቱ ደስ ተሰኝቶ ይሄዳል፤ ሻጩም ደንበኛ ያበጃል። ሆኖም ምርቃቱ ከዚያው ከጆንያው የወጣ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሻጩ ዋጋውን ሲቆርጥ በእጁ የሚዘግነውን አስቀድሞ አስቦታል፤ ብልህ ገዥም ምርቃት ሲበዛለት መስፈሪያውን መለስ ብሎ ያያል። ምርቃት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ሒሳብ የሌለው ምርቃት በገበያ ላይ ከቶ አይገኝም።

ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት ከሚታደሉት ምርቃቶች አንዱ የኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም አዲስ እትም ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩን የሚያነቃና በውስጡ ያሉትን የሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ ሥራ የሚመራ ዋና ፕሮግራም ነው፤ በቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ የተለመደው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ፣ አፕል ለራሱ ኮምፒዩተሮች የሚያወጣው ማክ ኦኤስ፣ በስልኮችም ላይ የጉግል አንድሮይድ በሰፊው የታወቁት ናቸው። ይህ ዕቃ ቀድሞ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በዋጋ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ግን መሣሪያውን አንድ ጊዜ ለገዛ ሰው አዲሱ እትም ያለ ክፍያ ይደርሰዋል። ነጋዴው ሕዝብ ስለዚህ ጉዳይ ማሰብ የሚገባው ሰጭውን ለማመስገን ወይም ለመውቀስ አይደለም፤ የተሰረዘው ዋጋ ተመልሶ በየትኛው በር እንደሚገባ ዐውቆ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ቦታ እንዲሰጠው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋው በግልጽ ይነገር በነበረበት ዘመን

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 95 የተባለውን እትም ኦገስት 24 ቀን 1995 ለገበያ ባወጣ ጊዜ ሱቆች እኩለ ሌሊት ላይ በራቸውን ከፍተው ለተሰለፈው ገዥ ሸጠዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ሳምንታት ውስጥም 7 ሚሊዮን ያህል ቅጅዎች ተሸጡ። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ለቤት አገልግሎት የሚሆነው ሙሉ እትም 199 ዶላር ነበር፤ አሮጌው እትም ላለው ሰው የሚሸጠው ማሻሻያ ደግሞ 99 ዶላር ያወጣ ነበር። ለመሥሪያ ቤት የሚስማማው ሙሉ እትም 299 ዶላር ደርሶ ነበር። አፕልም በበኩሉ ከ2001 እስከ 2007 ያወጣቸውን አብዛኞቹን ዋና ዋና እትሞች እያንዳንዳቸውን በ129 ዶላር ሸጧል።

የዚህ አሠራር ደግ ጎን ግልጽነቱ ነበር። ገዥው ዋጋውን ከሣጥኑ ላይ አንብቦ፣ ከጥቅሙ ጋር አመዛዝኖ፣ ከፈለገ ይገዛል፤ ካልፈለገ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። ደረሰኙ በእጁ ስለሆነ የሒሳብ ሠራተኛው ወጭውን በአንድ መስመር ጽፎ ይዘጋዋል። ቸርቻሪውም ሣጥኑን በመደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ሲሸጥ የድርሻውን ትርፍ ያገኝ ነበር። ዛሬ አዲሱ እትም በኢንተርኔት አማካይነት ከኩባንያው በቀጥታ ወደ ተጠቃሚው ሲሄድ ይህ የቸርቻሪው ትርፍ ጨርሶ ጠፍቷል። ስለ ነጻው ማሻሻያ ሲወራ ገዥው ያዳነው ገንዘብ ይነገራል፤ በመካከል ቆሞ ይሠራ የነበረው ባለሱቅ ያጣው ግን እምብዛም አይወሳም።

የአሠራሩ ጉድለት ደግሞ በሻጩ ላይ የሚከብድ ነበር። ዱቄትና ዘይት ያልቃሉ፤ ጫማም ያልቃል፤ ፕሮግራም ግን በመሥራት ብዛት አያልቅም። ስለዚህ ለአዲሱ ዊንዶውስ ብርቱ ተወዳዳሪ የሆነበት የሌላ ኩባንያ ምርት ሳይሆን ራሱ አሮጌው ዊንዶውስ ነበር። በ2001 ለገበያ የቀረበው ኤክስፒ ኩባንያው ድጋፉን እስካቆመበት እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ድረስ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ሳይነቀነቅ ቆይቷል። ከዚህ በላይ፣ ያለ ፈቃድ የተባዙ ቅጅዎች በየአገሩ በመብዛታቸው ሻጩ ዋጋውን ባስወደደ ቁጥር ገዥው ወደ ተባዛው ቅጅ ይሸሽ ነበር።

ስለሆነም ዋጋው ደረጃ በደረጃ ወረደ። አፕል ከ129 ዶላር ተነሥቶ በ2009 ወደ 29 ዶላር፣ በ2012 ደግሞ ወደ 19 ዶላር ከ99 ሣንቲም ዝቅ አደረገ፤ ኦክቶበር 22 ቀን 2013 ማቭሪክስ የተባለውን እትም ያለ ክፍያ ለቀቀ። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ 8 በ2012 ሲወጣ ማሻሻያውን ለጥቂት ወራት በ39 ዶላር ከ99 ሣንቲም ሸጦ ነበር። ዊንዶውስ 10 ጁላይ 29 ቀን 2015 ሲወጣ ግን ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ለነበራቸው ሁሉ ለአንድ ዓመት በነጻ ቀረበ። የኩባንያው ዓላማ በ2 ወይም በ3 ዓመት ውስጥ 1 ቢሊዮን መሣሪያዎች ላይ ለመድረስ ነበር፤ ከታሰበው ጊዜ ዘግይቶ በማርች 2020 ደረሰበት። በዚህ አኳኋን ከመቶ ዶላር በላይ ያወጣ የነበረ ዕቃ ባለ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋጋ አልባ ሆነ።

መዝገቡ የሚመሰክረው

ነጻ የሚባለው ማሻሻያ ስጦታ አለመሆኑን ከማንም በላይ የሚመሰክረው የሰጭዎቹ የራሳቸው የሒሳብ መዝገብ ነው። አፕል የአይፎንን ስልክ በ2007 መሸጥ ሲጀምር ከሽያጩ ያገኘውን ገንዘብ በሙሉ በዕለቱ ገቢ አድርጎ አልመዘገበም፤ በ24 ወራት ላይ እያካፈለ ይመዘግብ ነበር። ምክንያቱም ከሽያጩ በኋላ ለገዥው አዳዲስ እትሞችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመስጠት ስላሰበ፣ ከተቀበለው ገንዘብ ከፊሉ ገና ያልተሠራ ሥራ ዋጋ ነበር። አይፖድ ታች በተባለው መሣሪያ ላይ ግን ገቢውን ወዲያውኑ ስለ መዘገበ፣ በ2008 እና በ2009 ለወጡት ዋና እትሞች ባለ መሣሪያዎቹን 9 ዶላር ከ95 ሣንቲም አስከፈለ። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ነበር፤ አንዱን ነጻ፣ ሌላውን የሚከፈልበት ያደረገው የመዝገብ አያያዙ ልዩነት ነበር።

የአሜሪካ የሒሳብ አያያዝ ደንብ በ2009 ከተሻሻለ በኋላ በ2010 የወጣው እትም ለአይፖድ ታችም በነጻ ሆነ። በዚያው በ2010 የዓመት ሪፖርቱ ኩባንያው ወደፊት ለሚሰጠው ማሻሻያ ከእያንዳንዱ አይፎን ዋጋ ላይ 25 ዶላር ለይቶ እንደሚያቆይ ገልጿል። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ 10 ከወጣ በኋላ ለአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ከሸጠው ፈቃድ ያገኘውን ገቢ ለተወሰኑ ዓመታት በመሣሪያው ዕድሜ ላይ እያካፈለ መዝግቧል።

ሒሳብ ዐዋቂ ሁሉ እንደሚረዳው፣ አስቀድሞ ተከፍሎ ገና ያልተሠራበት ገንዘብ የሚቀመጠው በዕዳ ዐምድ ነው። ስጦታ ግን ዕዳ ሆኖ አይመዘገብም። እንግዲህ ሰጭው ራሱ በመዝገቡ ዕዳ ብሎ የጻፈውን ተቀባዩ ስጦታ ነው ብሎ ቢያምን፣ የተሳሳተው ተቀባዩ ነው ማለት ነው። ማሻሻያው የተገዛው መሣሪያው በተገዛበት ቀን ነው።

ዋጋው የሚገባባቸው አራት በሮች

የመጀመሪያው በር መሣሪያው ራሱ ነው። አፕል ፕሮግራሙን የሚያወጣው ለራሱ መሣሪያዎች ስለሆነ፣ የማሻሻያው ዋጋ በኮምፒዩተሩና በስልኩ ዋጋ ውስጥ ይጠቃለላል። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የዊንዶውስን ገቢ አብዛኛውን የሚያገኘው ከኮምፒዩተር ሠሪዎች ነው፤ ኮምፒዩተሩን የገዛ ሰው የዊንዶውስን ፈቃድ ዋጋ ሳያየው ከፍሏል። ለነበረው መሣሪያ ማሻሻያውን በነጻ መስጠት ይህን ዋና የገቢ ምንጭ አይነካውም።

ሁለተኛው በር የየወሩ መዋጮ ነው። ማይክሮሶፍት ቀድሞ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የሚያገለግሉትን ፕሮግራሞች አንድ ጊዜ ይሸጥ ነበር፤ ከ2011 ጀምሮ ግን ኦፊስ 365፣ በኋላም ማይክሮሶፍት 365 በተባለው ስም በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልባቸው አደረጋቸው። አዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በነጻ ሲገባ ለዚህ መዋጮ ማስታወቂያ ሆኖ ያገለግላል፤ ተጠቃሚው አካውንት እንዲከፍት፣ ፋይሉን በኩባንያው ማከማቻ እንዲያኖር፣ ከዚያም ተጨማሪ ቦታ እንዲከራይ በየጊዜው ይጋብዘዋል። የዚህ በር ጠባይ ዋጋው በአንድ ወገን ፈቃድ የሚለወጥ መሆኑ ነው። በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ ለግለሰብ የሚሸጠው የማይክሮሶፍት 365 የወር ክፍያ ከ6 ዶላር ከ99 ሣንቲም ወደ 9 ዶላር ከ99 ሣንቲም ከፍ ብሏል። ሣጥኑን አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ላይ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ሦስተኛው በር ማስታወቂያና ኮሚሽን ነው። ጉግል አንድሮይድን ከ2008 ጀምሮ ለስልክ ሠሪዎች በነጻ ሲያቀርብ ትርፉን ያሰበው ከፕሮግራሙ ሽያጭ ሳይሆን፣ ስልኩን የያዘው ሰው ሲፈልግና ሲገበያይ ከሚገኘው ገቢ ነበር። የዚህ ገበያ ስፋት በአሜሪካ ፍርድ ቤት በታየው ክርክር በግልጽ ወጥቷል፤ ጉግል በአፕል መሣሪያዎች ላይ የፍለጋ አገልግሎቱ ቀዳሚ ሆኖ እንዲቀመጥ በ2022 ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ለአፕል ከፍሏል። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚከፈለው ለተጠቃሚው ዐይንና ለጣቱ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በጁላይ 2018 ጉግል ስልክ ሠሪዎችን የፍለጋና የኢንተርኔት ማሰሻ ፕሮግራሞቹን እንዲጭኑ አስገድዷል ብሎ 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ቅጣቱ በ2022 በፍርድ ቤት ወደ 4.125 ቢሊዮን ዩሮ ዝቅ ብሏል። ከውሳኔው በኋላ ጉግል በአውሮፓ ለሚሸጡ ስልኮች የፕሮግራሞቹን ፈቃድ በክፍያ ማድረጉን አስታወቀ። አንዱ በር ሲዘጋ ዋጋው በሌላው በር በግልጽ ብቅ ማለቱ ዋጋው ቀድሞም እንደነበረ ያስረዳል።

አራተኛው በር የማብቂያው ቀን ነው፤ ለነጋዴው ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው።

ኦክቶበር 14 ቀን 2025

ዊንዶውስ 10 በወጣበት ዓመት ከኩባንያው ባልደረቦች አንዱ ይህ የመጨረሻው ዊንዶውስ እንደሆነ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2021፣ ዊንዶውስ 11 ወጣ። ይህም እትም በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ስጦታውን ለመቀበል የሚያስፈልገው መሣሪያ ተወሰነ። ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና፣ ከኢንቴል ምርቶች በአብዛኛው 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጣው ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፤ 8ኛው ትውልድ ደግሞ ለገበያ መቅረብ የጀመረው በ2017 ነው። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ሆነው የሚሠሩ፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ ኮምፒዩተሮች ከምርቃቱ ውጭ ቀሩ።

ከዚያም ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒዩተሩ ቆመ ማለት አይደለም፤ በማግስቱም እንደ ወትሮው ይነሣል። ነገር ግን አዲስ የተገኘ ቀዳዳ የሚደፍንለት የለም። በሩ ተቆልፎ የሚያድር ሱቅ ቁልፉ በሌባ እጅ ሲገባ ቁልፍ የሚቀይርለት ሠራተኛ እንደማጣት ያለ ነው።

ጊዜ ለመግዛት የፈለገ መክፈል ነበረበት። ለግለሰቦች ለአንድ ዓመት፣ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ ጥበቃ በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒዩተሩን መቼት በኩባንያው አካውንት ላይ በማስቀመጥ ያለ ገንዘብ እንዲገኝ ተደረገ፤ በአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ላሉ ሰዎች ግን ይህ መቼት የማስቀመጥ ግዴታ ተነሥቶላቸዋል። ለድርጅቶች የተወሰነው ዋጋ ከዚህ የተለየ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒዩተር 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ይህም በ2ኛው ዓመት 122፣ በ3ኛው ዓመት 244 ዶላር ማለት ነው። 10 ኮምፒዩተሮች ያሉት አንድ የአስመጭነት ቢሮ በዚህ ስሌት በ3 ዓመት ውስጥ 4,270 ዶላር ይከፍላል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው አዲስ ነገር ለማግኘት ሳይሆን ያለውን ባለበት ለማቆየት ነው። ከ10 ዓመት በፊት በነጻ የተገኘው ምርቃት ሒሳቡን በመጨረሻው ቀን ይዞ መጣ።

የዶላር ክፍያ በብር ለሚነግድ ሰው ሌላ ሸክም አለበት። በኢትዮጵያ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። ለአንድ ኮምፒዩተር በወር 10 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት የያዘ፣ 10 ኮምፒዩተሮች ያሉት ድርጅት ቢኖር፣ በቀድሞው ምንዛሪ በዓመት 68,400 ብር የነበረው ወጭ ዶላሩ 100 ብር ሲደርስ 120,000 ብር ይሆናል። ድርጅቱ አንድም ተጨማሪ ዕቃ አልገዛም፤ ኩባንያውም ዋጋውን በአንድ ሣንቲም አላስወደደም። ሣጥን የገዛ ነጋዴ ምንዛሪው የሚያስደነግጠው በግዥው ቀን ብቻ ነበር፤ መዋጮ ከፋይ ግን በየወሩ ከምንዛሪው ጋር ይፋጠጣል።

የነጻው አሠራር በጎ ጎን

ይህ ሁሉ ሲባል የቀድሞው ዘመን ይመለስ ለማለት አይደለም። አሮጌ እትም ይዞ መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው የኮምፒዩተር ተባይ አሳይቷል። ተባዩ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ይዞ ፋይላቸውን ቆለፈ፤ መክፈቻውንም በገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከ2 ወር በፊት፣ በማርች ወር፣ ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑት፣ ወይም ድጋፉ ባበቃ እትም ይሠሩ የነበሩት ናቸው። የአንዱ ነጋዴ ኮምፒዩተር በተባይ ሲያዝ ደረሰኙና የዋጋ ማቅረቢያው ለሚላክላቸው ደንበኞቹ ሁሉ ስለሚተርፍ፣ ማሻሻያ ለሁሉ በነጻ መድረሱ የጋራ ጥቅም ነው።

አዲስ እትምም አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ጸጋ ያመጣል። አማርኛ በኮምፒዩተር ለመጻፍ ለብቻው የተሠራ ፕሮግራም መግዛት የግድ በነበረበት ጊዜ፣ በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽና የአማርኛ የጽሕፈት ገበታ ከውስጡ ይዞ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ደብዳቤ መጻፍ ለብዙ ቢሮዎች ተጨማሪ ወጭ የማይጠይቅ ሥራ ሆኗል።

ስለዚህ ቅሬታው በነጻነቱ ላይ ሊሆን አይገባም፤ ምርጫን በመንፈጉና ቀኑን በመሸሸጉ ላይ ነው። በ2015 እና በ2016 የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በብዙዎች ኮምፒዩተር ላይ ባለቤቱ በውል ሳይፈቅድ እየገባ ሥራ አስተጓጉሏል። በካሊፎርኒያ የአንዲት አነስተኛ የጉዞ ወኪል ድርጅት ባለቤት ኮምፒዩተሯ ሳትፈቅድ ተለውጦ ሥራዋ እንደታጎለ ለፍርድ ቤት አመልክታ 10,000 ዶላር ተፈርዶላታል፤ ኩባንያው ጥፋቱን ባያምንም በ2016 ይግባኙን ትቶ ከፍሏል። ያልተጠየቀ ስጦታ በሥራ ሰዓት ሲመጣ ወጭ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

የኮምፒዩተር አስመጭው የመጀመሪያ ግዴታ የሚያመጣውን ዕቃ የማብቂያ ቀን ማወቅ ነው። መድኃኒትና የታሸገ ምግብ የሚያስመጣ ነጋዴ የአገልግሎት ማብቂያውን ቀን ሳያይ ዕቃ አያነሣም። ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን ከውጭ የሚያስመጣም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል። በሌላ አገር ዊንዶውስ 11 ሊቀበሉ ባለመቻላቸው ከቢሮ የወጡ መሣሪያዎች በርካሽ ዋጋ መቅረባቸው የማይቀር ነው፤ ርካሽነታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። አስመጭው የፕሮሰሰሩን ትውልድ፣ የደኅንነት ቺፑንና የሚሠራበትን እትም ጠይቆ በዚያው ልክ ዋጋ ይቁረጥ፤ ለቸርቻሪው ሲያስተላልፍም ይህንኑ በጽሑፍ ይግለጽ። ቸርቻሪውም ለደንበኛው ሳይሸሽግ ይንገር። ዛሬ የተሸሸገ የማብቂያ ቀን ነገ የጠፋ ደንበኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተር በመዝገብ ላይ ዕድሜው መቆጠር ያለበት ብረቱ እስኪሰበር ሳይሆን ድጋፉ እስኪያበቃ ነው። በ60,000 ብር የተገዛ መሣሪያ የያዘው ኦፐሬቲንግ ሲስተም 3 ዓመት ድጋፍ የቀረው ከሆነና ወደ ተከታዩ እትም የማይሸጋገር ከሆነ፣ በየዓመቱ 20,000 ብር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ነጋዴ በማብቂያው ቀን ከመንቀሳቀሻ ገንዘቡ ላይ ለመቁረጥ ይገደዳል።

ሦስተኛ፣ በየወሩ የሚከፈሉ አገልግሎቶች ሁሉ በአንድ ዝርዝር ላይ ይመዝገቡ፤ አካውንቶቹም በድርጅቱ ስም እንጂ በአንድ ሠራተኛ ስም አይከፈቱ። የደንበኞች ስም ዝርዝር፣ የዕቃ መዝገብና የሒሳብ ሰነድ ቅጅ በየጊዜው በድርጅቱ በራሱ ማኖሪያ ላይ ይቀመጥ። ክፍያ ያቆመ ሰው ሰነዱን ማውጣት የሚቸግረው ከሆነ፣ መዋጮው ውሎ አድሮ የሰነዱ መያዣ ይሆናል።

አራተኛ፣ አዲስ እትም በነጻ ስለመጣ ብቻ በችኮላ አይጫን። የሽያጭ ሥራ በሚበዛበት የበዓል ሰሞን ወይም የግብር ሒሳብ በሚዘጋበት ወር ኦፐሬቲንግ ሲስተም መለወጥ ሥራን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በቅድሚያ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሞክሮ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙና የማተሚያው መሣሪያ መሥራታቸውን አረጋግጦ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ መሄድ ይገባል። የደኅንነት ማሻሻያ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ሳይዘገይ መጫን አለበት።

አምስተኛ፣ ሌላ መንገድ መኖሩ አይዘንጋ። ሊኑክስ ከ1991 ጀምሮ በብዙ አገሮች ባለሙያዎች የጋራ ጥረት የተገነባ ነው፤ ከእርሱ ወገን የሆነው ኡቡንቱ በየ2 ዓመቱ የሚያወጣቸው ረጅም ድጋፍ ያላቸው እትሞች ለ5 ዓመት በነጻ ይጠገናሉ። ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ጤነኛ ኮምፒዩተር ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ሥራ በዚህ መንገድ ዕድሜው ሊረዝም ይችላል። እዚህም ላይ ቢሆን ሒሳብ አለ፤ ሠራተኛ ማሠልጠንና ለባለሙያ መክፈል ያስፈልጋል፤ የተለመደው የሒሳብ ፕሮግራምም ላይሠራበት ይችላል። ከዚህ ወገን የሚሰጥ ተስፋም ሊታጠፍ ይችላል፤ ሴንት ኦኤስ 8 የተባለው እትም እስከ 2029 እንደሚደገፍ ታስቦ ብዙ ድርጅቶች ከተከሉት በኋላ፣ በዲሴምበር 2020 በተሰጠ ማስታወቂያ ድጋፉ በ2021 መጨረሻ እንዲቆም ተደርጓል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ነጋዴዎች ተለያይተው የማይችሉትን በማኅበር ሊያደርጉት ይችላሉ። አንድ ባለሱቅ ብቻውን ለዓለም ታላቅ ኩባንያ ጥያቄ ቢያቀርብ የሚሰማው የለም፤ በአውሮፓ ግን ተጠቃሚዎች በማኅበሮቻቸው ስለ ተከራከሩ የዊንዶውስ 10 የአንድ ዓመት ጥበቃ በቀለለ ሁኔታ ሊሰጣቸው ችሏል። የአስመጭዎችና የቸርቻሪዎች ማኅበራት በጋራ ግዥ የተሻለ ዋጋ ሊጠይቁ፣ ለአባሎቻቸውም የየመሣሪያውን የድጋፍ ማብቂያ ቀን በየጊዜው ሊያሳውቁ ይችላሉ። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ትጋት ብቻ የሚፈልግ ነው።

የንግድ አሠራር መለወጡ አይቀርም፤ ሸቀጥ የነበረው አገልግሎት፣ ግዥ የነበረው ኪራይ መሆኑ በኮምፒዩተር ብቻ የሚያበቃ አይመስልም። ለውጡን ማስቆም በአገር ውስጥ ነጋዴ እጅ አይደለም፤ ዋጋውን ማወቅ ግን በእጁ ነው። በነጻ የቀረበለትን ማንኛውንም ዕቃ ሲቀበል ማን እንደከፈለ፣ መቼ እንደሚያበቃና ሲያበቃ ምን እንደሚጠይቅ መርምሮ በመዝገቡ ላይ የጻፈ ነጋዴ ማብቂያው ቀን ሲደርስ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል።